ከመጽሐፌ የወጣው ጅብ

ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርቼ ደብረ ታቦር ስመለስ፣ ዘመዶቼ ሻንጣዬን ከፍተው ያላገኙት አንድ ነገር ስልኬ ውስጥ ነበረ፤ ግማሽ ልቦለድ። የምሠራበት ቤት እመቤት ከምሳ በኋላ ስትተኛ፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ በአውራ ጣቴ ስጽፈው የከረምሁት ነው። የሚያስፈራ ልቦለድ ነው። በጉና ተራራ ጥግ ባለች መንደር ሰው ሞቶ ይገኛል፣ በግ ይጠፋል፣ ጉም ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ይሄዳል። ለምን እንዲህ ያለ ነገር መረጥሽ ብሎ የጠየቀኝ ብዙ ሰው ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ሰው ደግሞ ስለሚያስፈራ ነገር ከደፋር ይበልጥ ያውቃል። ደፋሩ አልፎት ይሄዳል፣ ፈሪው ቆሞ ያየዋል።

ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትሁ። የሰው ማመልከቻ ስጽፍ እውላለሁ፤ ሰው ሲጠፋ ልቦለዴን ከስልኬ ወደ ኮምፒውተሩ አዛውራለሁ። እስከ ግማሹ ድረስ መልካም ሄደልኝ። ከዚያ ቆመ። ማን እንደገደለ አውቃለሁ፣ ለምን እንደገደለ አውቃለሁ፣ ግን ሰዎቹ እንዴት እንደሚደርሱበት ጠፋኝ። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ሥራው ቀዘቀዘ፤ ዝናቡም ሰውን ከቤቱ አላስወጣ አለ። በዚያው ሳምንት አክስቴ፣ ድንች ደርሷል፣ መጥተሽ ብትበይ ምን አለበት ብላ በሰው ላከችብኝ። ቤቱን ቆልፌ ሄድሁ። መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ፣ ጫማዬን ጭቃ ሁለት ጊዜ እየወሰደብኝ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። እናቴ ከሞተች በኋላ እሷ ስላሳደገችኝ አንች ነው የምላት። ባሏን ግን አንቱ ነው የምላቸው፤ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰው ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፣ ሳይጠየቁ አይናገሩም። በደረስሁ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ሲወርድ፣ አክስቴ እዚያ ስልክሽ ላይ ሁልጊዜ የምታፈጥጭበት ምንድን ነው አለችኝ። ነገርኋት። አንብቢልኝ አለች።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳነብላት ገብስ እየቆላች ነበር። ሬሳው የገብሱ ማሳ ዳር የተገኘበት ቦታ ላይ ስደርስ ማንከሽከሻዋን አቆመች። ቆሎው አረረ። አረረ ብላት፣ ይረር፣ ቀጥዪ አለችኝ። ባሏ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል፤ እሳቸው እንዲህ ያለ ወሬ እንደማይሰሙ አስቀድመው ተናግረዋል። ነገር ግን ሟቹ ሦስት በሬ ነበረው ብዬ ባነብ፣ ከጋቢው ውስጥ፣ ቅድም ሁለት ብለሽ ነበር አሉ።

በማግስቱ አንዲት ጎረቤት መጣች። በሦስተኛው ቀን ስድስት ሆኑ። ዝናብ ሲጀምር ሰው ዳቦ እንደሸተተው ሁሉ በየአጥሩ እየዘለለ ይመጣ ጀመር። መደቡ ሞላ፣ በር ላይ የሚቆምም ነበረ። ከሁሉ ይልቅ የሚተጋው ግን የበግ ደላላው ነው። ከገበሬው በግ እያሰባሰበ ደብረ ታቦርና ሐሙሲት ገበያ የሚያወርድ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ጃንጥላውን በሩ ላይ ያቆማል፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ሳነብ ዓይኑን አይነቅልም። ሌላው ሰው ወይ ጉድ ብሎ ሲሄድ፣ እሱ ቀርቶ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቀኛል። ጅቡ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፣ ውሻ ለምን አይጮህበትም፣ ሰው ለምን አይከተለውም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ አንባቢ ስመኝ ነበር። እየደጋገምሁ አስረዳሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከወንዝ ዳር ለብቻዋ የምትኖር ሸክላ ሠሪ አለች። የሰደባት ገበሬ ሞቶ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ጉም በወረደ ቁጥር፣ በቀን፣ ጅብ መጥቶ በግ ይወስዳል። ሌሊት ያላደረግሁት በቀንም ቢሆን ብቻዬን ተቀምጬ ስለ ሌሊት መጻፍ ስለምፈራ ነው። ጅቡ በጉን በወሰደበት ቦታ አጠገብ ባለ ጅባራ ላይ አንድ እፍኝ የበግ ጸጉር ሰቅሎ ይሄዳል። ጅባራ በጉና ከፍታ ላይ የሚበቅል፣ ከሩቅ ሲያዩት ሰው የቆመ የሚመስል ረጅም ተክል ነው፤ እሱን ያስገባሁት በጉም ውስጥ ሲታይ ራሴን ስለሚያስፈራኝ ነው። በአራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ጅቡ ሸክላ ሠሪዋ ራሷ እንደሆነች አንባቢው መጠርጠር ይጀምራል።

ይህን ስጽፍ ብዙ አላሰብሁበትም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ቀጥቃጭ ጅብ ይሆናል ሲባል ሁላችንም ሰምተን አድገናል። ከሰማሁት ወሬ ውስጥ አንዱን መዝዤ ከተትሁት፤ ወጥ ውስጥ ጨው እንደሚጨመር ያህል።

ያንን አራተኛ ምዕራፍ በማነብበት ቀን በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆሙ። በጀርባቸው ማሰሮ አዝለዋል፤ አክስቴ ከሰኔ ጀምሮ ያዘዘችው ነው። የመንደሩ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ከወንዙ ማዶ ለብቻቸው እንደሚኖሩ ያኔ ገና ትዝ አለኝ። አክስቴ ግቡ አለቻቸው፤ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ ማሰሮውን አጠገባቸው አኖሩ። የአክስቴ ባል ከጋቢው ውስጥ አሳላቸው። ማቆም ፈለግሁ፣ ግን ሃያ ሰው ያየኛል፣ ካቆምሁም ለምን እንዳቆምሁ ሁሉ ያውቀዋል። አንገቴን ደፍቼ እስከ መጨረሻው አነበብሁት።

ሴትዮዋ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ያቺ የጻፍሻት ሴት እንስራዋን በምን ላይ አድርጋ ትሠራዋለች ነው ያልሽው?» አሉኝ።

«በሚሽከረከር ጎማ ላይ» አልሁ። ዓረብ አገር በቴሌቪዥን ያየሁትን ነበር የጻፍሁት።

«በጎማ የሚሄደው ባጃጅ ነው። እኛ እንስራውን አናዞረውም፤ እኛ ነን የምንዞረው። ደግሞ ገል ወቅጣ ካልቀላቀለችበት እሳት ላይ ይፈነዳባታል። ጅብ መሆኑንስ ትሁን፣ ሥራዋን ግን ትወቅ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የአክስቴ ባል እንኳ ጋቢያቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም ሳቅሁ፤ የመዳን ሳቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸክላ ሠሪዋም የሚመጡ ሆኑ። ክረምት ሸክላ አይደርቅምና ሥራ ፈተዋል። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ስለ ሸክላ የተሳሳትሁትን ያርማሉ፤ እኔም እጽፋለሁ። ቅር ብሏቸው እንደሆነ ለመጠየቅ ግን አፌ አልደፈረም።

ከሦስት ቀን በኋላ ረፋድ ላይ ጉም ወረደ። ጉና ላይ ጉም ሲወርድ የራስን እጅ እስከማያሳይ ነው። በጎቹ ከመንደሩ በላይ ባለው የጋራ ግጦሽ ላይ ነበሩ። ቀትር ላይ ጉሙ ሲገፈፍ ሦስት በግ ጠፍቷል። ከወንዙ ዳር ጭቃው ላይ የጅብ ኮቴ ተገኘ። ከኮቴው አጠገብ ባለው ጅባራ ላይ አንድ እፍኝ የበግ ጸጉር ተንጠልጥሏል።

ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ። ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። እኔ ከአክስቴ ኋላ ቆምሁ። ስለ ጉዳዩ ሳስብ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ከፍርሃቱ ሥር አንዲት ቁራጭ ኩራት ነበረችብኝ፤ እንዴት ያለ ነገር ጽፌ ነው የምትል። ያቺ ኩራት እስከ ማግስቱ ድረስ ብቻ ቆየች። በማግስቱ ጉሙ ተመልሶ መጣ፤ ሌላ ሦስት በግ ወሰደ። አንደኛዋ የአክስቴ በግ ናት፤ የሁለት ሳምንት ግልገል ትታ ሄደች። ጅባራው ላይ ጸጉር ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደወትሮው መጣ፣ ለመስማት የመጣው ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ ደላላውና አንዳንድ ጎረቤቶች። ሸክላ ሠሪዋ አልመጡም። ምንጩ ላይ ሴቶቹ እሳቸው ቀድተው እስኪሄዱ ርቀው እንደሚቆሙ አክስቴ ነገረችኝ። ሰላምታ የከለከላቸውም አለ። በቀን የሚወጣ ጅብ የሰው ጅብ ነው ይባላል፤ ይህን ደግሞ ከኔ ከሰሙ ገና ሳምንት አልሞላቸውም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንድ ሰው ግድግዳቸውን ተደግፈው የነበሩ ሁለት እንስራዎች በድንጋይ እንደሰበረባቸው ተሰማ።

ቁርሴን አልበላሁም። ወንዙን ተሻግሬ ሄድሁ። ሸክላ ሠሪዋ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ስባሪውን በቅርጫት ይለቅማሉ። ምን እንደምል አጥንቼ ሄጄ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬ መልቀም ጀመርሁ። አንዱን ስባሪ አገላብጠው፣ «ይሄ ገል ይሆናል፣ አይጣልም» አሉ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። የኔ ጥፋት ነው አልኋቸው። ያንቺ ብቻስ አይደለም፣ አንቺ ከመወለድሽ በፊትም ይሉኝ ነበር፣ አንቺ ትንሽ አሳመርሽው እንጂ አሉኝ። ቀጥለውም ተነሥተው፣ እስኪ ያን ኮቴ አሳዪኝ፣ እስካሁን እንዳላይ የሰው ዓይን ከልክሎኝ ነው አሉ።

ሁለታችን ወደ ወንዙ ወረድን። ኮቴው ከዛፍ ሥር ስለነበረ ዝናቡ አላጠፋውም። ሸክላ ሠሪዋ ተንበረከኩ። ጣታቸውን ውስጡ ከትተው ዙሪያውን ዳሰሱት፤ ከዚያ ቀጣዩን፤ ከዚያ ሌላውን። እኔ ጅቡ ተመልሶ እንዳይመጣ ዙሪያዬን ስቃኝ እሳቸው መሳቅ ጀመሩ።

«የጅብ የፊት እግሩ ትልቅ ነው፣ የኋላው ያንሳል። ይሄ ሁሉም እኩል ነው» አሉ። «ደግሞ የሚራመድ እንስሳ ጭቃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይሄ ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ሰው ነው እንደ ማኅተም የመታው።»

ቀጥለውም የሁለተኛዋን ጣት ምልክት አሳዩኝ። ጫፏ ላይ ትንሽ ጭረት አለባት፤ በሁሉም ኮቴ ላይ ያቺው ጭረት አለች። እንጨት ሲጠረብ ቢላዋው የሳተበት ነው አሉ። ሃምሳ ዓመት ጭቃ የነኩ እጆች ናቸውና አመንኋቸው። በዚያ ቅጽበት ሌላው ነገር ለኔም ተገለጠልኝ። ጉም ውስጥ የሚመጣ ጅብ ወሬ በአገሩ ሁሉ አለ። ጅባራ ላይ ጸጉር የሚሰቅል ጅብ ግን የትም የለም፤ እሱን የፈጠርሁት እኔ ነኝ፣ ዓረብ አገር ወጥ ቤት ውስጥ። ሌባው አክስቴ ቤት ተቀምጦ ሲያነቡለት የሰማ ሰው ነው።

ይህን ለአክስቴና ለባሏ ስንነግራቸው አክስቴ ግልገሏን ጋቢዋ ውስጥ ይዛ በጣቷ ወተት እያስላሰቻት ነበር። እናቷ ከጠፋች ወዲህ ስትጮህ ትውላለች፣ ካላቀፏት ዝም አትልም። አክስቴ ማን ሊሆን እንደሚችል አንድ በአንድ መቁጠር ስትጀምር ባሏ በእጃቸው አስቆሟት። ያለ ማስረጃ ስም መጥራት እንደዚያ ሸክላ ሰባሪ መሆን ነው አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። አልሰማም ያሉት ሰውዬ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው በቃላቸው ይዘውታል። በመጽሐፍሽ ውስጥ ጅቡ በጎቹን ወዴት እንደሚወስዳቸው ገና አልተናገርሽም፣ ሌባው ይህን ለመስማት መምጣቱ አይቀርም፣ ነገ ተናገሪ አሉኝ።

በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ቁጭ ብዬ ጻፍሁ። እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ ጽፌ አላውቅም። ደብረ ታቦር ላይ ሦስት ወር የቆመብኝ ነገር በሁለት ሰዓት ወረደ። ጅቡ በጎቹን አይበላቸውም፤ ከወንዙ ራስ በላይ ባሉት ዋሻዎች ውስጥ ያጉራቸዋል፤ በዚያ አገር ስድስት በግ ሳይታይ የሚታጎርበት ሌላ ቦታ የለም። መንደርተኛው ይህን ያውቃል፤ በነጋታው ዋሻ ለዋሻ ሊፈልግ ይስማማል። የት ዋሻ እንደሆነ አልጻፍሁም፤ አላውቅማ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ራሷ በየቤቱ እየዞረች፣ ዛሬ ምስጢሩ የሚፈታበት ነው ብላ ሰው ጠራች። ሰው ጉድ ሲባል መቼ ይቀራል፤ ቤቱ ሞላ። ሸክላ ሠሪዋንም እኔ እጃቸውን ይዤ አምጥቼ ከአጠገቤ አስቀመጥኋቸው። አንዳንዱ ሸሸት አለ። አነበብሁ። ስጨርስ የአክስቴ ባል ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተነሥተው ተቀመጡና፣ መልካም ምክር ነው፣ እኛስ ለምን እንዲህ አናደርግም፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወንድ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይውጣና ዋሻዎቹን እንይ አሉ። ሰው ሁሉ ተስማማ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ክርክር ተጀመረ።

እኔ ወደ ደላላው አየሁ። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ያን ቀን አንድም አልጠየቀም። ክርክሩ ሳያልቅ ተነሣና ወጣ። ዝናቡ ገና አላባራም፤ ጃንጥላውን በሩ ላይ ትቶት ሄደ።

ቅር አለኝ። ደላላው ባይሆን ብዬ ተመኝቼ እንደነበር የተረዳሁት ያኔ ነው። ግን ለኀዘን ጊዜ አልነበረም። የአክስቴ ባልና ሁለት ጎረቤቶች ዱላቸውን አነሡ፣ ሸክላ ሠሪዋ ነጭ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ተከናንበው ተከተሉ፣ አክስቴ ግልገሏን ታቅፋ ወጣች። እኔ ቤት ልጠብቅ ብል አክስቴ፣ አንች የጀመርሽው ነው፣ ነይ አለችኝ።

ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለወጠ፣ ጉሙም ወረደ። ደላላው ከፊታችን ሲሄድ ጥቁር ካፖርቱ እስከ ወንዙ ራስ ድረስ ይታየን ነበር፤ ከዚያ ጉሙ ዋጠው። ቆምን። በየትኛው በኩል እንደሄደ አይታወቅም። በየቦታው ጅባራዎች ቆመዋል፤ ሁሉም ሰው ይመስላሉ። ምዕራፍ ሁለት ላይ የጻፍሁት ቦታ በትክክል ይህ ነው፤ ስጽፈው የሚያስፈራ መስሎኝ ነበር፣ ቆሜበት ሳየው አሳንሼ እንደጻፍሁት ገባኝ። የአክስቴን ቀሚስ ጨምድጄ ያዝሁ።

ያን ጊዜ ግልገሏ ከአክስቴ ጋቢ ውስጥ ጮኸች። አክስቴ አፏን ልትይዛት እጇን ስትሰድ፣ ከላይ ከጉሙ ውስጥ አንዲት በግ መለሰችላት። ግልገሏ እንደገና ጮኸች፤ በጓም እንደገና መለሰች። አክስቴ ምንም ሳትናገር ግልገሏን ከፍ አድርጋ ያዘቻት፤ እኛም ድምፁን እየተከተልን ወጣን።

ድምፁ ያደረሰን ከቋጥኝ ሥር ያለች፣ አፏ በድንጋይ የተካበ ዋሻ ዘንድ ነው። ደላላው ካቡን እያፈረሰ በጎቹን ሊያወጣ ይጣደፋል። ሸክላ ሠሪዋ ከሁላችንም ቀድመው ነበርና ከጉሙ ውስጥ በነጭ ጋቢያቸው መጀመሪያ የደረሱበት እሳቸው ናቸው። ቀና ብሎ ሲያያቸው፣ ያ ሁሉ ቀን ጅብ ሲጫወት የከረመ ሰው፣ በስመ አብ ብሎ ወደ ኋላው ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አትብሉኝ፣ መልሼ እሰጣለሁ እያለ ለመናቸው። ሸክላ ሠሪዋ ቆመው ቁልቁል አዩትና፣ ጾም ነኝ አሉት።

ጾም አልነበረም፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው። የአክስቴ ባል ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ስድስቱም በጎች ውስጥ ነበሩ። የአክስቴ በግ ሰውን ሁሉ ገፍትራ ወጥታ ግልገሏን አሸተተች፤ አክስቴ ደግሞ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ግልገሏ ስትጠባ ታያለች። ከደላላው ካፖርት ኪስ ከወይራ የተጠረበ የጅብ እግር ወደቀ። ሸክላ ሠሪዋ አንሥተው በጣታቸው ሁለተኛዋን ጣት ፈለጉ፤ ጭረቷ እዚያው ናት። እጅህስ ጥሩ ነበር፣ ለምን ለእንዲህ ያለ ነገር አዋልኸው አሉት። ደላላው ለእንቁጣጣሽ ገበያ ሊያወርዳቸው እንደነበር ተናገረ። ሐሳቡ ከየት መጣልህ ሲባል ወደኔ አየ። ሦስተኛውን ምዕራፍ እስክሰማ ድረስ አስቤው አላውቅም አለ። ሁሉም ወደኔ ዞረው አዩኝ፤ እኔ ግልገሏን አየሁ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ባለው የኮሶ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ለፖሊስ ይሰጥ ያሉ ነበሩ፤ ቢደግመው እናንተ ሳትሆኑ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ ብለው የአክስቴ ባል ዋስ ሆኑ። ደላላው በጎቹን ለየባለቤቶቻቸው በሰው ፊት አስረከበ፣ ማለ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ለመነ። ከሁሉ በላይ የበደለው ሸክላ ሠሪዋን ነው ተባለ። እሳቸው የጠየቁት ካሳ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ ለሸክላ የሚሆነውን አፈር እየቆፈረ በጀርባው እንዲያመጣላቸው ነው። እሺ አለ። እንስራዎቹን የሰበረችው ጎረቤትም ማንም ሳይጠይቃት ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ፣ እኔ ነኝ አለች፤ ገብስ ተሸክማ መጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች። ሸክላ ሠሪዋ አነሷት፤ ፊታቸው ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። ይህ ከደላላው በደል ይልቅ እንደከበዳቸው አየሁ።

ከዚያ የአክስቴ ባል አንድ የቀረ አለ ብለው ወደኔ ጠቆሙ። ተነሣሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሸክላ ሠሪዋን ጉልበት ስሜ፣ ያቺን ሸክላ ሠሪ ከመጽሐፉ አወጣታለሁ አልኋቸው።

«አታውጫት» አሉኝ። «ከወጣችማ በመጽሐፍም ብቻዋን ቀረች። ሌባውን የምትይዘው እሷ ትሁን። ጎማውን ግን አውጭው።»

እንደተባልሁት አደረግሁ። እስከ ጳጉሜ ድረስ እዚያው ቆየሁ፤ ቀን ቀን ወንዙን ተሻግሬ እሳቸው ዘንድ እውላለሁ። አፈር እንዴት እንደሚመረጥ፣ ገል እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ጭቃ መብሰሉ በምን እንደሚታወቅ ነገሩኝ፤ የመጽሐፌ ሸክላ ሠሪ ሰው ሆነች፣ ነገረኛ፣ ቀልደኛ፣ ሬሳ ከወደቀበት መሬት የገዳዩን እግር የምታነብ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን አልቀየርሁም፤ ከመጀመሪያውም እሷ አልነበረችም። ሰዎቹ እንዴት እንደሚደርሱበት የጠፋኝ፣ የሚያውቀውን ሰው ጅብ አድርጌ ስላስቀመጥሁት ኖሯል።

ከደላላው ጋር ቂም አልያዝሁም፤ መያዝም አልችልበትም። ኅዳር ላይ ለአክስቴ ጤፍ ላደርስላት ስመለስ፣ አፈር በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሞ ሽቅብ ሲወጣ መንገድ ላይ አገኘሁት። አፈረ፣ እኔም አፈርሁ። ትንሽ ቆመን፣ ገዳዩ የሟቹ ወንድም ነው አይደል አለኝ። ነው አልሁት። እኔማ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር አለ፣ ጆንያውንም አስተካክሎ አለፈ። ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ በእሱ እጅ ሌላ ሥራ አግኝተውለታል። ከወይራ የአበባና የመስቀል ቅርጽ እየጠረበ ይሰጣቸዋል፣ እሳቸው እርጥብ ማሰሮ አንገት ላይ እያተሙ ያስጌጡበታል። ሐሙሲት ገበያ ላይ ሴቶች ያን ያጌጠውን ነው ለይተው የሚጠይቁ።

ጥር ላይ ሸክላ ሠሪዋን ወገባቸውን አመማቸው። ሲጎነበሱ የኖሩበት ዕድሜ ነው። መጽሐፉን ጨርሼ ማሳተሚያ እየፈለግሁ ስለነበር ጊዜ ነበረኝ፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ልውሰድዎ አልኋቸው። ከደብረ ታቦር በሚኒባስ ሐሙሲት ወረድን፣ ከዚያ ወንዛዬ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ከፍተው የሚያልፈውን አፈር ሁሉ ይመረምራሉ፤ ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ አሸዋ በዝቶታል፣ ይሄንስ ቢሰጡኝም አልቀበል እያሉ። ለሹፌሩ የመንገድ መሐንዲስ መሰሉት መሰለኝ፤ አስፋልቱ መቼ ነው የሚጠገነው ብሎ ጠየቃቸው።

ፍል ውኃው ላይ ሴቶች በዝተው ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ቀስ ብለው ገብተው እስከ አንገታቸው ሰመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ደንገጥ ብዬ፣ እናቴ ደህና ነዎት ወይ አልኋቸው። ወገቤ ከተወለድሁ ዛሬ ገና ተቃና አሉ። አጠገባችን የነበረች የፎገራ ሴት የት አገር ሰው እንደሆንን ጠየቀች፤ ከጉና ብለን ስንነግራት ስለ ብርዱ አዘነችልን፣ ከያዘችው ሸንኮራ ቆርሳ ሰጠችን። ማምሻውን ልንመለስ ተነጋግረን ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ሸንኮራቸውን እያኘኩ፣ አንድ ቀን ብንጨምር ምን ይመስልሻል አሉኝ። ጨመርን።